ዝናብን የመረመረ ሊቅ፤ ሮበርት አንገስ ስሚዝ

ሮበርት አንገስ ስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1817 ዓ.ም. በስኮትላንድ አገር በግላስጎ ከተማ አጠገብ ተወለደ። በወጣትነቱ ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ልቡ ወደ ኬሚስትሪ ስላዘነበለ ወደ ጀርመን አገር ተሻግሮ ከፕሮፌሰር ሊቢግ ዘንድ ተማረ፤ በ1841ም የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

ከዚያም የከሰል ድንጋይ ጢስ በከበባት በማንቸስተር ከተማ ተቀመጠ። ሰዎች በጢሱ ሲያማርሩ፣ እርሱ የዝናቡን ውሃ እየሰበሰበ መረመረ። በከተማው ውስጥ የሚዘንበው ዝናብ የሰልፈሪክ አሲድ እንዳለበት፣ ርቆ ባለው መስክ ላይ የሚዘንበው ግን እንደሌለበት በ1852 ገለጸ። በ1863 ሶዳ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ከሚወጣቸው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋዝ ከመቶ 95 እጁን እንዲያስቀሩ ሕግ ሲወጣ፣ የመጀመሪያው ተቈጣጣሪ ስሚዝ ሆነ። በ1872 ባሳተመው መጽሐፉም ይህን ዝናብ የአሲድ ዝናብ ብሎ ጠራው።

ስሚዝ በ1884 ዐረፈ፤ ሥራውም ለብዙ ዘመን ተረሳ። ከ1960ዎቹ ወዲህ ግን የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት ጉዳዩን እንደገና አነሡት። የአሲድ ዝናብ ዛፎች የሚመገቡትን ካልሲየምና ማግኒዚየም ከደን አፈር አጥቦ እንደሚወስድ፣ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የነበረውንም አሉሚኒየም ፈትቶ ሥሮችን እንደሚጐዳ አረጋገጡ።

በጢሱ ያማረረ ብዙ ነበር፤ ዝናቡን የለካ ግን ጥቂት ነው። እኛም ተማሪዎች ከስሚዝ የምንማረው ከማማረር ይልቅ መርምሮ ማወቅን ነው።