ጆሴፍ ጊልማን፦ ወጣት ተመራማሪ ያፈሩ መምህር

ጆሴፍ ጊልማን በጆሃንስበርጉ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከወንድማቸው ከቴዎዶር ጋር ሆነው፣ በምግብ ጉድለት በሚመጣው በፔላግራ የተያዙ ጥቁር ሕሙማንን ጉበት በመርፌ ናሙና እየወሰዱ መረመሩ። በበቆሎ ዱቄት ብቻ የሚኖር ድሃ ጉበቱ እንደሚጎዳ አሳዩ፤ ጥናታቸውም በ1951 በመጽሐፍ ወጣ።

እውቀቱን ግን ለብቻቸው አልያዙትም። የጫማ ሰሪ ልጅ የሆነውን፣ በ15 ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ የገባውን ሲድኒ ብሬነርን አጠገባቸው አድርገው ምርምር አስተማሩት። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአፓርታይድ ዘመን፣ ወደ ንክሩማ ጋና ሄደው የሕክምና ምርምር ተቋም መሩ።

ብሬነር በ2002 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በስደት ያላችሁ ሐኪሞቻችን፣ አገር ቤት ካሉት ወጣት ሐኪሞች ቢያንስ አንዱን ምርምር አስተምሩ።