የቤትሆቨን የመጀመሪያ ዓመታትና መምህሩ ኔፈ

ሉድቪግ ቫን ቤትሆቨን እ.ኤ.አ. በ1770 በጀርመን ቦን ከተማ ተወለደ። ባለቁልፍ የሙዚቃ መሣሪያና ቫዮሊን መጫወትን በመጀመሪያ ያስተማሩት የቤተ መንግሥቱ ዘማሪ የነበሩት አባቱ ዮሐን ናቸው። ለመጠጥ የተሸነፉት አባት ልጃቸው እንደ ሞዛርት ተአምረኛ ሕፃን እንዲባልላቸው ይጓጉ ነበር። በ1778 በኮሎኝ ከተማ ለሕዝብ ሲያቀርቡት የሰባት ዓመቱን ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው ብለው አስተዋወቁ። በዘመኑ የነበሩ ሰዎች እንደመሰከሩት፣ ሕፃኑ እኩለ ሌሊት ከእንቅልፉ እየተቀሰቀሰ እያለቀሰ እንዲለማመድ ይገደድ ነበር። በዚህ አያያዝ ሙዚቃን ጠልቶ አለመቅረቱ የሚያስገርም ነው።

ሁኔታው የተለወጠው በ1779 ከቴአትር ቡድን ጋር ወደ ቦን የመጡት ክርስቲያን ጎትሎብ ኔፈ መምህሩ ከሆኑ በኋላ ነው። ኔፈ በ1781 የቤተ መንግሥቱ ኦርጋን ተጫዋች ሆነው ተሾሙ። ለተማሪያቸው የመረጡት ዋነኛ መልመጃ በወቅቱ ገና ያልታተመውንና በእጅ ጽሑፍ ቅጂ ብቻ ይሠራጭ የነበረውን የዮሐን ሰባስቲያን ባህ የፕሬሉድና የፉጋ ስብስብ ነበር። ድርሰት እንዲጽፍም አበረታቱት፤ የመጀመሪያ ሥራው በ1782 ታተመ። በዚያው ዓመት መምህሩ ለሥራ ከከተማው ሲርቁ የ11 ዓመቱ ታዳጊ በኦርጋኑ ተተክቶ ሠራ። ለአገልግሎቱ ደመወዝ ያገኘው ግን በ1784 ሲሆን፣ መጠኑም በዓመት 150 ፍሎሪን ነበር።

ቤትሆቨን በ1792 ከሃይድን ለመማር ወደ ቪየና አቀና። ወደፊት ታላቅ ሰው ቢሆን የኔፈም ድርሻ እንዳለበት በደብዳቤ ገልጾ መምህሩን አመስግኗል።