የካርቱሙ ልጅ ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 ቀን አባት አርበኞች ኒሻናቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረው አዲስ አበባ አራት ኪሎ በሚገኘው የድል ሐውልት ዙሪያ ይሰበሰባሉ። እኛ በካርቱም የምንማር ልጆች በዓሉን የምናየው በቴሌቪዥን ስለሆነ፣ ለአገር መዝመት ከእኛ የራቀ የሌላ ከተማ ታሪክ ይመስለናል። ነገር ግን ከታወቁት የኢትዮጵያ የጦር መሪዎች አንዱ የዚህችው ከተማ ልጅ ነበሩ። በዘንድሮው መጽሔታችን የእሳቸውን ሕይወት ልናስታውስ ወደድን።

ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በ1916 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ተወለዱ። የቤተሰባቸው የትውልድ ሥፍራ ኤርትራ ውስጥ ሐማሴን፣ ጸዓዘጋ ነው። አማን ግን እንደ እኛው በሰው አገር አድገው፣ ትምህርታቸውንም እዚሁ ካርቱም ተማሩ።

በ1932 ዓ.ም. ክረምት አፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ አገር ስደታቸው ወደ ካርቱም ሲመጡ አማን የ16 ዓመት ወጣት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከከተማችን አጠገብ በሶባ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በወታደርነት ይሠለጥኑ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ደረሱ። ወጣቱ አማንም የነጻነቱን ጦር ተቀላቅለው የወታደርነት ሕይወታቸውን ጀመሩ።

ከነጻነት በኋላ በአዲሱ የኢትዮጵያ ጦር ውስጥ በማዕረግ እያደጉ ሄዱ። በኮሪያ ጦርነትም ዘመቱ። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደዚያ በተላኩት የቃኘው ሻለቃ ጦሮች ውስጥ ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን ሲሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል። ከመካከላቸው ግን አንድም የተማረከ የለም። ኮሪያውያን ይህን ውለታ ስላልረሱ ቹንቾን በተባለችው ከተማ ለኢትዮጵያውያን ዘማቾች የመታሰቢያ ሐውልት አቁመዋል።

ጄኔራል አማን ከሁሉ በላይ የታወቁት ሐረር ላይ የሦስተኛ ክፍለ ጦር አዛዥ በነበሩበት ጊዜ ነው። በ1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሶማሊያ በኦጋዴን ሲዋጉ ጦሩን የመሩት እሳቸው ነበሩ፤ የበረሃው አንበሳ የሚል ስምም ወጣላቸው። የሚገርመው ነገር በዚያው ዓመት የሁለቱ አገሮች መልእክተኞች ጦራቸውን ከድንበር ለማራቅ የተስማሙት በጄኔራሉ የትውልድ ከተማ፣ በካርቱም ነው።

ከዚያ በኋላ ጄኔራሉ ከሚወዱትና ከሚወዳቸው ሠራዊት ተለይተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ተደረጉ። አብዮቱ ሲፈነዳ ግን ወታደሮቹ መልሰው ጠሯቸው። በመጀመሪያ የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹም፣ ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ የደርግ ሊቀ መንበር ሆነው ተሾሙ።

ሥልጣኑ ግን ከሦስት ወር አልዘለለም። ጄኔራል አማን የኤርትራ ጉዳይ በጦር ሳይሆን በሰላም እንዲፈታ ፈለጉ። የታሰሩት ባለሥልጣኖች ያለ ፍርድ እንዲገደሉም አልተስማሙም። ከደርግ አባላት ጋር ሳይግባቡ ቀርተው ቤታቸው ተቀመጡ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቤታቸው በወታደሮች ተከበበ። እጃቸውን ለመስጠት እምቢ ብለው በ50 ዓመታቸው በዚያው ሕይወታቸው አለፈ። በዚያችው ሌሊት ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ተገደሉ። ከእነሱም መካከል ጣልያንን የተዋጉ አርበኞች ይገኙባቸዋል።

ይህን ታሪክ ስናነብ በጣም አዘንን። ኮሪያውያን ከሩቅ ለመጣላቸው ወታደር ሐውልት ሲያቆሙ፣ በገዛ አገራቸው ግን ከ16 ዓመታቸው ጀምሮ ያገለገሉት ሰው ቤታቸው ተከቦ ሞቱ። አንድን ዘማች ለማመስገን በፖለቲካ አሳቡ ሁሉ መስማማት፣ ጦርነትንም መውደድ አያስፈልግም ብለን እናምናለን። ጄኔራል አማን ራሳቸው ጦርነትን ከብዙዎች ይልቅ ስለሚያውቁት፣ በመጨረሻ ሰላምን መረጡ።

በማኅበራችን ውስጥም በውትድርና ያገለገሉ አባቶችና እናቶች አሉ። በበዓል ቀን ጥግ ይዘው ቡናቸውን ይጠጣሉ እንጂ ያሳለፉትን አይናገሩም፤ እኛም አንጠይቃቸውም። ለጄኔራል አማን ምስጋናችን ዘግይቷል። ለእነዚህ ግን ገና አልዘገየም። ስለዚህ በሚመጣው ሚያዝያ 27 አጠገባቸው ተቀምጠን፣ የት እንደዘመቱና ማንን እዚያ ትተው እንደመጡ ልንጠይቃቸው፣ እጃቸውንም ስመን ልናመሰግናቸው ተስማምተናል።