ደረስጌ ላይ የተደፋው ዘውድ፣ ጋፋት ላይ የቀለጠው ነሐስ

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ባለፍኩ ቁጥር ያን አፈ ሰፊ መድፍ ቆም ብዬ አየዋለሁ። አምሳያው ነው እንጂ ዋናው ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ነው ያለው። ለእኔ ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከመቅደላ ሳይሆን ከስሜን ተራሮች ነው።

ከጎንደር ተነስታችሁ ዳባትን አልፋችሁ ደባርቅ ስትደርሱ ብርዱ ይቀበላችኋል። ከዚያ መንገዱ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ፣ ቧሂትን ተሻግሮ ጃናሞራ ይወርዳል። ደረስጌ ማርያም እዚያ ናት። ያሠሯት የስሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለማርያም ሲሆኑ፣ በግንባታው የረዳቸው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ነበር። ውቤ ሊነግሡባት ነበር ያሰቡት።

ቀደማቸው የቋራው ካሳ ኃይሉ። የኮሶ ሻጭ ልጅ እየተባለ የተናቀው ሽፍታ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ውቤን ድል አድርጎ ማረካቸው። በሁለተኛው ቀን፣ ውቤ ባሠሩት ቤተክርስቲያን፣ ውቤ ከግብፅ ባስመጧቸው ጳጳስ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። የውቤ ቀሪ ዕድሜ አብዛኛው በእስር አለፈ። ልጃቸው ጥሩወርቅ ደግሞ የንጉሡ ሚስት፣ የልዑል ዓለማየሁ እናት ሆነች።

አጼ ቴዎድሮስ ግን ዘውዱ ብቻ አልበቃቸውም፤ ሙያ ፈለጉ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ እነ ዋልድማየርን፣ ለወንጌል የመጡትን አውሮፓውያን፣ መድፍ ሥሩ አሏቸው። ሰዎቹ አንችልም ቢሉ ማን ሰምቷቸው! የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። ምድጃው ተሻሽሎ እንደገና ተሞከረ። በመጨረሻ ነሐሱ ቀልጦ ቅርጹ ውስጥ ፈሰሰና 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። ስሙ የክሪሚያ ጦርነት ከተካሄደበት፣ ያኔ የሩሲያ ከነበረው የወደብ ከተማ የተወሰደ ነው።

ከዚያ መጎተቱ መጣ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስተው፣ ገደሉን እየናዱ መንገድ እያበጁ፣ በሰው ጉልበት ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶ መቅደላ ደረሰ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ ነበር። ያኔ ግን አገሩ ከድቷቸዋል፤ በእጃቸው የቀረው ጥቂት ሠራዊት ነው። ያ ሁሉ የገበሬ ላብ የፈሰሰበት መድፍ የእንግሊዝን ጦር አላቆመም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አጠፉ።

እንግሊዞቹ ዘውዱን፣ ብራናውን፣ ሕፃኑን ዓለማየሁን ሳይቀር ይዘው ሄዱ። ሴባስቶፖልን ግን ማን ይሸከመው? እዚያው ቀረ።

እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ውቤ ለራሳቸው ያሠሯት ደረስጌ ሌላ ሰው አነገሠች። ቴዎድሮስ ለድል ያስቀለጡት ነሐስም ድል አላመጣላቸውም። ሁለቱም ግን ዛሬ ድረስ አሉ፤ እኛም ባለቤቶቻቸውን የምናስታውሰው በእነሱ ነው። አደባባዩን ስታልፉ ታዲያ መድፉን ብቻ አትዩ፤ ገመዱን የጎተተውን ስም የለሽ ገበሬም አስቡት።