ዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላዉና የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ

እድር የተቋቋመው ለቀብርና ለለቅሶ ቢሆንም፣ ከመቅበር ማዳን እንደሚበልጥ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ በዚህ ዓመት፣ ብዙ እናቶችን ከሞት ያተረፈ ምርመራ ያስገኙትን ሐኪም የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ ወደናል። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ጆርጅ ፓፓኒኮላዉ በ1883 ዓ.ም. በግሪክ አገር፣ ኪሚ በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸውም ሐኪም ነበሩ። በአቴና ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1904 ከተመረቁ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ሄደው በ1910 በሙኒክ በእንስሳት ጥናት የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ አንድሮማኪን አገቡ።

በ1913 ባልና ሚስት ኒውዮርክ ሲገቡ ቋንቋውን አያውቁም ነበር። ታዲያ እንጀራ ነውና ዶክተሩ ምንጣፍ ሻጭ፣ ባለቤታቸው ቁልፍ ሰፊ ሆነው ተቀጠሩ። ብዙም ሳይቆይ ግን ዶክተሩ በኮርኔል የሕክምና ኮሌጅ ሥራ አገኙ፤ ወይዘሮ አንድሮማኪም እዚያው ላቦራቶሪ ረዳታቸው ሆኑ።

ጥናቱ የተጀመረው ጊኒ ፒግ በምትባል ትንሽ እንስሳ ላይ ነው። ከብልቷ የተወሰደውን ፈሳሽ ብርጭቆ ላይ ቀብተው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሴሎቹ በየጊዜው እንደሚለዋወጡ ተረዱ፤ ይህንንም በ1917 ከፕሮፌሰር ስቶካርድ ጋር አሳተሙ። ቀጥለው ወደ ሰው ተሻገሩ። ባለቤታቸው ለብዙ ዓመታት ከራሳቸው ናሙና ሰጡ። ሌሎች ሴቶች ሲመረመሩም ካንሰር ከያዛት ሴት በተወሰደው ናሙና ውስጥ የታመሙት ሴሎች ቁልጭ ብለው ታዩ።

ዶክተሩ ይህን በ1928 በሚሺጋን በተደረገ ስብሰባ ላይ ቢያስረዱም ሰሚ አላገኙም። ሥጋ ቆርጦ መመርመር እያለ ይህ ምን ያደርጋል ተባለ። ሥጋ የሚቆረጠው ግን በሽታው ከተጠረጠረ በኋላ ነው፤ የእሳቸው ዘዴ ምንም አላመመኝም የምትለዋን ሴት ለመመርመር ያስችላል። ከ1939 ጀምሮ ዶክተር ኸርበርት ትራውት ከተባሉ የማህፀን ሐኪም ጋር ብዙ ሴቶችን መርምረው ውጤቱን በ1941 በጽሑፍ፣ በ1943 በመጽሐፍ አወጡ። ያኔ ዓለም ተቀበላቸው፤ ምርመራውም በስማቸው ፓፕ ተባለ። በ1962 በማያሚ በ78 ዓመታቸው አረፉ።

ከእሳቸው በኋላ ሌሎች ዘዴዎች መጥተዋል። በፓፕ ምርመራ ናሙናው በቀጥታ ብርጭቆ ላይ ስለሚቀባ ደምና ንፍጥ ሴሎቹን ሊሸፍን፣ የሚያነበው ባለሙያም ዓይኑ ደክሞ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ በየጊዜው መደገም አለበት። በሁለተኛው ዘዴ ናሙናው ፈሳሽ ውስጥ ታጥቦ ይዘጋጃል፤ ብርጭቆው ይጠራል፣ የማይነበብ ናሙናም ይቀንሳል፤ በሽታውን በማግኘት በኩል ግን ከፊተኛው ብዙ አይበልጥም። ሦስተኛው የሚፈልገው የታመመ ሴል ሳይሆን በሽታውን የሚያመጣውን ኤች.ፒ.ቪ. የተባለ ቫይረስ ነው። የሚያመልጠው ጥቂት በመሆኑ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ይህን አስቀድሟል፤ ከ30 ዓመት ጀምሮ በየ5 እስከ 10 ዓመቱ ይበቃል ብሏል። ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ላለባቸው ሴቶች ግን ከ25 ዓመት ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ነው። ይሁንና ቫይረሱ በብዙዎች ላይ በራሱ ስለሚጠፋ፣ ተገኘብሽ ማለት ካንሰር አለብሽ ማለት አይደለም፤ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል እንጂ።

ላቦራቶሪ በሌለበት ደግሞ የማህፀን በር በአሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በዓይን ይታያል፤ የተበላሸው ቦታ ይነጣል፣ ውጤቱም ወዲያው ይታወቃል። በአገራችንም ይሠራበታል።

እንግዲህ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የአገራችንን ሴቶች በብዛት የሚያጠቃው ይኸው በሽታ ነው። ወደ ካንሰር እስኪለወጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሥርና ከዚያ የበለጠ ዓመት ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። የትኛውም ዘዴ ቢሆን ሴትዮዋ ካልሄደች አይሠራም። እህቶቻችንና እናቶቻችን ሳያማቸው ይመርመሩ፤ እኛ ወንዶችም አሳፋሪ ነገር ነው ብለን አናስቀራቸው፣ እንዲያውም አብረን እንሂድ።