ኢቫን ፓቭሎቭ

ኢቫን ፔትሮቪች ፓቭሎቭ (ሴፕቴምበር 26 ቀን 1849 – ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1936 እ.ኤ.አ.) የሩሲያ የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበር። በዓለም ዙሪያ ስሙ የሚነሣው ድምፅ በሰሙ ቁጥር ምራቃቸው ከሚፈስ ውሾች ጋር ነው። ሆኖም በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በዚያ ሥራው ሳይሆን፣ የምግብ መፍጫ አካላትን አሠራር፣ በተለይም ነርቮች ጨጓራንና ቆሽትን እንዴት እንደሚያዝዙ በማሳየቱ ነው። ይህን ሽልማት ካገኙት ሩሲያውያን የመጀመሪያው እርሱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ፓቭሎቭ የተወለደው ከሞስኮ በስተደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በራያዛን ከተማ ነው። በልጅነቱ ከከፍታ ወድቆ ክፉኛ ስለተጎዳ መደበኛ ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ነበር። አባቱ የኦርቶዶክስ ቄስ ስለነበር እርሱም በከተማው የሃይማኖት ትምህርት ቤት ተማረ። እዚያ ሳለ ግን ስለ ተፈጥሮ ሳይንስ ያነበባቸው መጻሕፍት፣ በተለይም ኢቫን ሴቼኖቭ ስለ አንጎል የጻፈው ሥራ፣ ሐሳቡን አስቀየሩት። በ1870 የክህነቱን መንገድ ትቶ ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በተማሪነቱ ከጓደኛው ጋር ስለ ቆሽት ነርቮች ላደረገው ጥናት የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። በ1879 የሕክምና ትምህርቱን ጨረሰ፤ ከ1884 እስከ 1886 ደግሞ በጀርመን አገር ከካርል ሉድቪግና ከሩዶልፍ ሃይደንሃይን ጋር ሠራ።

ከእርሱ በፊት የነበረው እውቀት

የምግብ መፍጫ አካላት ቅርጽ ፓቭሎቭ ከመነሣቱ በፊት በሚገባ ይታወቅ ነበር። ጨጓራ፣ ጉበት፣ ቆሽትና አንጀት ደም የሚያገኙት ከአዎርታ ከሚወጡ ደም ቅዳ ቧንቧዎች ነው። ከጨጓራ፣ ከቆሽትና ከአንጀት የሚመለሰው ደም ግን በቀጥታ ወደ ልብ አይሄድም፤ በፖርታል ደም መልስ በኩል አስቀድሞ በጉበት ያልፋል። ከአንጎል ግርጌ የሚነሣው ቫገስ ነርቭ ደግሞ በአንገትና በደረት አልፎ፣ የምግብ ቧንቧን ተከትሎ ሆድ ውስጥ ይገባና ለእነዚህ አካላት ቅርንጫፎቹን ይሰጣል።

ያልታወቀው የእያንዳንዱ ነርቭ ሥራ ነበር። ተመራማሪዎች እንስሳውን በቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ከፍተው ስለሚመረምሩት፣ ሕመሙና የደም መፍሰሱ የአካላቱን ተፈጥሯዊ ሥራ ያዛባው ነበር። ፓቭሎቭ ግን ውሻውን በንጽሕና ቀዶ፣ ቁስሉ እስኪድን ጠብቆ፣ ከዚያ በኋላ ነቅቶና ጤነኛ ሆኖ ሲበላ መመርመርን መረጠ። ለዚህም ከ1891 ጀምሮ በሴንት ፒተርስበርግ የሙከራ ሕክምና ተቋም ውስጥ የመራው ክፍል አመቺ ሆነለት።

የነርቮቹ ምስክርነት

ፓቭሎቭና የሥራ ባልደረባው የካትሪና ሹሞቫ-ሲማኖቭስካያ የአንድን ውሻ የምግብ ቧንቧ አንገቱ ላይ ቆርጠው ወደ ውጭ ከፈቱት፤ በጨጓራውም ላይ ሌላ መውጫ አበጁ። ውሻው የበላው ሥጋ በአንገቱ ቀዳዳ ስለሚወድቅ ጨጓራው ጋ አይደርስም። ያም ሆኖ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ የጨጓራ ፈሳሽ መፍሰስ ጀመረ። የቫገስ ነርቮች ሲቆረጡ ግን ውሻው እየበላም ፈሳሹ አልመጣም። ትእዛዙ የሚወርደው ከአንጎል በነርቭ በኩል እንደሆነ ታወቀ።

ቀጣዩ ጥያቄ ምግቡ ራሱ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል የሚል ነበር። ሃይደንሃይን ከጨጓራ ግድግዳ ትንሽ ኪስ ለይቶ መሥራትን ቀደም ብሎ አሳይቷል፤ ነገር ግን የእርሱ አቆራረጥ የቫገስን ቅርንጫፎች ይበጥሳል። ፓቭሎቭ የደም ሥሮቹም ነርቮቹም ሳይነኩ ኪሱን ለመሥራት ተነሣ። ቀዶ ሕክምናው እጅግ ከባድ ስለነበር ከመሳካቱ በፊት ብዙ ውሾች ሞቱ። በ1894 ሲሳካለት ምግብ የማይገባበት ትንሹ ኪስ የዋናውን ጨጓራ ሥራ እንደ መስታወት አሳየ። ዳቦ፣ ሥጋና ወተት የሚያመጡት ፈሳሽ በመጠንም በጥንካሬም የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ውጤቶቹን በ1897 ስለ ዋና ዋና የምግብ መፍጫ ዕጢዎች ሥራ በጻፈው መጽሐፍ አሰባሰበ።

የደም ሥሮችንም አልዘነጋም። ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር በ1893 ባወጣው ጥናት የፖርታል ደም ጉበትን አልፎ እንዲሄድ የተደረጉ ውሾች ሥጋ ሲበሉ በጠና እንደሚታመሙ አሳየ። ይህም ጉበት ከአንጀት የሚመጣውን ደም ከመርዛማ ነገሮች እንደሚያጠራ ማስረጃ ሆነ።

ነርቭ ወይስ ደም?

ፓቭሎቭ የምግብ መፍጫ ዕጢዎችን የሚያዝዘው በዋናነት ነርቭ ነው ብሎ ያምን ነበር። በ1902 ግን ለንደን ውስጥ ዊልያም ቤይሊስና ኧርነስት ስታርሊንግ ነርቮቹ ሁሉ በተቆረጡበት የትንሹ አንጀት ክፍል አሲድ ሲጨምሩ ቆሽት ፈሳሹን አመነጨ። መልእክቱ የተጓዘው በደም ነበር፤ መልእክተኛውንም ሴክሬቲን አሉት። ይህ ግኝት የፓቭሎቭን ትምህርት የሚነካ ነበር። እርሱም ሙከራው በራሱ ቤተ ሙከራ እንዲደገም አደረገ፤ ውጤቱም እውነት ሆኖ ሲያገኘው ተቀበለ። ዛሬ ሁለቱም መንገዶች አብረው እንደሚሠሩ ይታወቃል፤ ቫገስ ነርቭ ሥራውን ያስጀምራል፣ እንደ ጋስትሪንና ሴክሬቲን ያሉ ሆርሞኖችም በደም እየተጓዙ ያግዙታል።

የኋለኛው ዘመንና ቅርሱ

ውሾቹ ምግብ ሳይቀምሱ ገና የሚመግባቸውን ሰው ሲያዩ ምራቃቸው መፍሰሱ ፓቭሎቭን ወደ አንጎል ጥናት መራው፤ ቀሪ ዘመኑንም በአብዛኛው ለዚህ አዋለ። ከ1917 አብዮት በኋላ አገሪቱ በረሃብ ስትጎዳ የሶቪየት መንግሥት በ1921 ባወጣው ድንጋጌ ለሥራው የሚያስፈልገውን እንዲያገኝ አደረገ። እርሱ ግን መንግሥቱን በግልጽ ከመተቸት አልተቆጠበም። በ86 ዓመቱ በሳንባ ምች ሌኒንግራድ ውስጥ አረፈ።

ከሞተ በኋላ በ1943 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ሌስተር ድራግስቴት አሲድን ለመቀነስ ቫገስ ነርቭን በመቁረጥ የጨጓራና የአንጀት ቁስለት ሕሙማንን ማከም ጀመረ። መድኃኒቶች እስኪተኩት ድረስ ይህ ሕክምና ለብዙ ዓመታት ተሠርቶበታል። ፓቭሎቭ በሠራበት ተቋም ግቢ ደግሞ በ1935 የቆመ የውሻ ሐውልት አለ፤ የሚያስታውሰውም ለዚህ እውቀት ሕይወታቸውን የከፈሉትን እንስሳት ነው።