ገብረ ክርስቶስ ደስታ

በእኛ አገር በመተማ፣ ጀበና የሚገዛ ሰው አንገቱንና ሆዱን እያየ ይመርጣል እንጂ «ይህ ሸክላ የምን ሥዕል ነው?» ብሎ ሠሪዋን ሲጠይቅ አላየሁም። በሠዓሊው በገብረ ክርስቶስ ደስታ ላይ የተነሣውን ወቀሳ ባሰብሁ ቁጥር ይህ ትዝ ይለኛል።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሐረር ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። ልጁ ግን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳይንስ ጀመረ፤ ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። (ይህን ወላጆቻችን ባያነቡት ይሻላል!) በ1957 ኮሎኝ ሄዶ እስከ 1961 ሥዕል አጠና፤ ተመልሶም በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ።

ይዞት የመጣው አሣሣል የነገርን መልክ መቅዳት ትቶ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር ነበር። በ1963 «ጎልጎታ»ን ሲሠራ እንኳ የጥንቱን የስቅለት ሥዕል ሥርዐት አልተከተለም። ስለዚህ የፈረንጅ ቅጂ ነው ተባለ። እሱም ኪነ ጥበብ የዓለም ሁሉ ናት በሚለው እምነቱ ጸና፤ በ1965ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበለ።

ለእኔ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚበልጠው መልስ ከተማሪዎቹ የመጣው ነው። ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ላይ ሥሏል፤ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደላችንን የሥዕሉ አካል አደረገው። እርግጥ ሁለቱንም እስክንድር ቦጎሲያንም አስተምሯቸዋል። ቢሆንም «ባዕድ» የተባለው መምህር ያስተማራቸው ልጆች የእሱን ሥዕል አልቀዱም፤ የየራሳቸውን ከገዛ አገራቸው ቆፍረው አወጡ። ቅጂ የሚያስተምር ሰው እንዲህ ያለ ተማሪ ከወዴት ያገኛል?

እንግዲህ «ሀገሬ» የተባለውን፣ ብዙዎቻችን በቃላችን የምናውቀውን ግጥም የጻፈውም ይኸው «ባዕድ» ነው። በደርግ ዘመን ተሰደደ። ድንበር የሚሻገር ሰው ምን አንሥቶ ምን ጥሎ እንደሚሄድ መተማ ላይ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥዕል ደግሞ በጉያ አይያዝም። በ1981፣ ገና አምሳ ዓመት ሳይሞላው፣ አሜሪካ ውስጥ በኦክላሆማ አረፈ።

በ2008 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ፤ ጀርመን አገር ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹም ወደዚያ ገቡ።